ፊርማው የማን ነው? የምርምር ውል ባለሙያዎችን ለነቀፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ዩኒቨርሲቲው ከምርምር ገንዘብ ሰጪዎች ጋር የሚገባቸውን ውሎች በሚመረምሩትና በሚደራደሩት በምርምር ውል ባለሙያዎች ላይ የጻፉትን ረዘም ያለ ወቀሳ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የጽሑፋቸው ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ተመራማሪው በብዙ ልፋት ከውጭ ገንዘብ ያመጣል፤ የውል ክፍሉ ግን ሰነዱን ለወራት ይዞ ያንገላታዋል። ለጋሹ የሚልከው ውል የማይነካ ስለሆነ መከራከሩ ከንቱ ነው። ስለ አእምሯዊ ንብረት የሚጻፉት አንቀጾች የሚሸጥ ግኝት ለሌለን ለእኛ ትርጉም የላቸውም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀውን ናሙናና መረጃ የውል ባለሙያ እንደገና መመርመሩ ድግግሞሽ ነው። ኦቨርሄድ የሚባለው፣ ዩኒቨርሲቲው ለመብራት፣ ለጥበቃና ለመሰል የጋራ ወጪዎች ከምርምር ገንዘቡ ጋር በመቶኛ የሚያስከፍለው ገንዘብም፣ በተመራማሪው ላይ የተጣለ ግብር ነው። ስለዚህ፣ ይላሉ ጸሐፊው፣ ዋናው ተመራማሪ ራሱ ፈርሞ ሥራውን ይጀምር። እኔ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሥራ ላይ ዘጠኝ ዓመት የቆየሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ከወቀሳው የሚገባኝን ተቀብዬ የማይገባኝን ልመልስ።

እውነታቸውን ነው ያልሁበትን ላስቀድም። መዘግየት አለ። በሥራው በገባሁበት ዓመት ለአንድ የአሥራ ሁለት ገጽ ስምምነት ከአርባ ያላነሰ አስተያየት ጽፌ መልሼ አውቃለሁ፤ ከእነዚያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲውን ጥቅም በእርግጥ የሚነኩት ሦስት ነበሩ፤ የቀረው የቃላት ምርጫዬ ነበር። ያንን ረቂቅ የላኩልኝ ፕሮፌሰር ቢናደዱብኝ አልፈርድባቸውም። በብዙ ቦታም ይህን ሥራ የሚሠራው ከሕግ አገልግሎት ወይም ከሰው ኃይል አስተዳደር ተዛውሮ የመጣ፣ ፕሮፖዛል እንዴት እንደሚጻፍ ያላየ ሰው ነው። ሥራውን በደንብ ሲለምደው ደግሞ ደመወዙ ስለማይበቃው ወደ ዓለም አቀፍ ድርጅት ይሄዳል፤ ተተኪውም ከሀ ብሎ ይጀምራል።

ነገር ግን ጸሐፊው «ሦስት ወር ተኩል ጠረጴዛ ላይ ተኛ» ያሉት ውል በእርግጥ የት የት እንደተኛ ቢከታተሉ ኖሮ ሌላ ነገር ያገኙ ነበር። እኔ የእያንዳንዱን ረቂቅ መግቢያና መውጫ ቀን በመዝገብ ስለምጽፍ የማውቀው፣ ብዙ ጊዜ ረቂቁ ከእኔ ዘንድ የሚቆየው ከሁለት ሳምንት ያነሰ መሆኑን ነው። የቀረውን ጊዜ የሚወስደው በፋይናንስ፣ በሕግ አገልግሎትና በምክትል ፕሬዚዳንቱ ቢሮ መካከል የሚደረገው ምልልስ፣ የለጋሹ ጠበቆች መልስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሱ ዋናው ተመራማሪ ለላክሁለት ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው። ተመራማሪው መስክ ላይ ነው፤ ወይም ፈተና እያረመ ነው፤ ወይም ጥያቄዬን «የውል ክፍሉ ጣጣ» ብሎ ትቶታል። ጥያቄዬ ግን ብዙ ጊዜ እርሱ ብቻ የሚመልሰው ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ ዩኒቨርሲቲው ሁለት መኪና ያቀርባል ተብሎ የተጻፈው በማን ፈቃድ ነው? በድጋፍ ደብዳቤው ላይ መረጃው የለጋሹ ንብረት ይሆናል ያለው ማን ነው? ገንዘቡ ከጸደቀ በኋላ ወደ እኔ የሚመጣው ሰነድ እንዲህ ያሉ ቃል ኪዳኖች አስቀድመው የተሰጡበት ነው፤ ያኔ እኔ የማደርገው መደራደር ሳይሆን የተገባውን ቃል በጨዋነት ለመመለስ መለማመጥ ነው። ፕሮፖዛሉ የሚጻፍ ጊዜ ሁለት ገጽ በጀትና አንድ ገጽ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ቢያሳዩን የመዘግየቱ ትልቁ ክፍል ከመነሻው ይቀር ነበር።

«የለጋሽ ውል አይነካም» የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም በላይ የተለመደ ነው፤ ከሁሉም በላይም ስሕተት ነው። የማይነካ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል ወደ እኛ በንዑስ ስምምነት ሲመጣ፣ ዋናው ስምምነት ያዘዛቸው ግዴታዎች ወደ ታች እየወረዱ እኛንም ያስሩናል፤ እነዚያን የላኪው ዩኒቨርሲቲ ባለሙያም መቀየር አይችልም። ነገር ግን ግዴታውን ያወጣው አካል ራሱ እንኳ አስተያየት ይሰማል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2023 የውጭ አገር ንዑስ ተቀባዮች የላቦራቶሪ ማስታወሻቸውንና መረጃቸውን ለዋናው ተቀባይ ተቋም በየጊዜው ክፍት እንዲያደርጉ የሚያስገድድ መመሪያ ሲያወጣ፣ መጀመሪያ ያሰበው የጊዜ ልዩነት ጠባብ ነበር፤ ከብዙ ተቋማት ተቃውሞ ከደረሰው በኋላ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ወደሚል አላላው፤ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ዝም ብሎ የፈረመ ተቋም ለዚህ መላላት ያዋጣው ነገር የለም።

ከእነዚያ ወራጅ ግዴታዎች ውጭ ያለው የቀረው የውሉ ክፍል ደግሞ ለድርድር ክፍት ነው። ክፍያው በቅድሚያ ይለቀቅ ወይስ ዩኒቨርሲቲው ከራሱ አውጥቶ ኋላ ይተካለት? ሁለተኛው አማራጭ በቅጹ ላይ አንድ ሳጥን ውስጥ ምልክት ማድረግ ብቻ ይመስላል፤ የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡ በጠበበ ዩኒቨርሲቲ ግን የመረጃ ሰብሳቢዎች አበል ለወራት አይከፈልም ማለት ነው። በጀቱ በብር ይጻፍ ወይስ በዶላር? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር የተጻፈ ውል የነበራቸው ፕሮጀክቶች ከውጭ የሚያስመጡት ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል) ዋጋው እጥፍ ሊደርስ ሲቃረብ በጀታቸው ግን እዚያው ቀረ፤ በዶላር ጽፈው የምንዛሪ ልዩነቱ ለፕሮጀክቱ ሥራ እንደሚውል ያስገቡት ግን ተጨማሪ የናሙና ቦታ እስከ መክፈት ደርሰዋል። ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማስገባት የፈጀብኝ ጊዜ ሁለት ኢሜይል ነው።

ሌላው የውል ማቋረጫው አንቀጽ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያግድ ብዙ ፕሮጀክቶች «ከዛሬ ጀምሮ ሥራ አቁሙ» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። በዚያ ሰሞን በሥራ ባልደረቦቼ ዘንድ ሲነበብ የሰነበተው አንድ አንቀጽ ብቻ ነበር፤ ከመቋረጡ በፊት የተገቡና ሊሰረዙ የማይችሉ ወጪዎች ይከፈላሉ የሚለው። ይህ አንቀጽ የነበረው የቤት ኪራዩንና የመኪና ኪራዩን ሒሳብ አቅርቦ ተከራከረ። ያልነበረው፣ ወይም ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ ጋር የገባው ውል «ዋናው ስምምነት ከተቋረጠ ይህም ይቋረጣል» የሚል ቃል ያልያዘው፣ ከላይ ገንዘቡ ቀርቶበት ከታች ባለዕዳ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊው «ማንም የማያነበው የመጨረሻ ገጽ» ያሉት ይህ አንቀጽ ያለበትን ገጽ ነው።

ስለ ኅትመትም አንድ ነገር ልጨምር፤ ጸሐፊው አላነሡትም፤ ነገር ግን ተመራማሪን ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይህ ነው። ለጋሹ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት በ30 ቀን ውስጥ አስተያየት ይሰጣል ማለትና ጽሑፉ የሚታተመው በለጋሹ የጽሑፍ ፈቃድ ነው ማለት በንባብ ይቀራረባሉ። የመጀመሪያው ጨዋ ግንኙነት ነው፤ ሁለተኛው መከልከል ነው። በአንድ ወቅት ከአንድ የግል ኩባንያ ጋር በተፈረመ ውል ውስጥ ሁለተኛው ዓይነት ቃል ሳይታይ አልፎ፣ በፕሮጀክቱ ላይ የመመረቂያ ጥናቱን የሠራ የማስተርስ ተማሪ ጥናቱን በይፋ ሳይከላከል አንድ ሙሉ ሴሚስተር ቆየ። ልጁ የፈረመው ነገር የለም፤ ውሉንም አላየውም። እኔ ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም ረቂቅ ስቀበል በመጀመሪያ የምፈልገው የተማሪ ስም ያለበትን ገጽ ነው።

ወደ አእምሯዊ ንብረቱ ልመለስ። «የሚሸጥ ግኝት የለንም» ይላሉ ጸሐፊው። ይህን የሚሉት ጤፍ በሚበላበት አገር ሆነው መሆኑ ያስገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 የዚያን ጊዜው የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር በጤፍ የዘረመል ሀብት አጠቃቀምና በጥቅም ክፍፍል ላይ ተፈራረመ። ስምምነቱ በወረቀት ሲታይ መጥፎ አልነበረም፤ እንዲያውም በወቅቱ ለሌሎች አገሮች ምሳሌ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ኩባንያው በጤፍ የዘረመል ሀብት ላይ የባለቤትነት መብት እንዳይጠይቅም ይከለክል ነበር። ነገር ግን ኩባንያው ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) የያዘው በዘሩ ላይ ሳይሆን በዱቄቱ አዘገጃጀትና ከዱቄቱ በሚሠሩ ምግቦች ላይ ነው። ማመልከቻው የገባውም ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ሰጠው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ድርጅት ተላልፎ ኖረ፤ ያ ድርጅት ደግሞ የኢትዮጵያ ተዋዋይ አልነበረም። ለኢትዮጵያ ከጥቅም ክፍፍሉ የደረሳት 4,000 ዩሮ ነው። ፓተንቱን የዘ ሔግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ በኔዘርላንድስ ውድቅ ያደረገው በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያም ቢሆን ሁለት የኔዘርላንድስ ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው ተካሰው እንጂ እኛ ከሰን አይደለም።

ይህ የዩኒቨርሲቲ ውል አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን የውል ባለሙያ ይህን ታሪክ የሚያነበው እንደ ሥራ መማሪያ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ያስገባችሁት የፓተንት ማመልከቻ ካለ አሳውቁ የሚል አንቀጽ ይጻፋል። ክልከላው ለዘሩ ብቻ ሳይሆን ከዘሩ ለሚገኝ ምርትና ለአሠራር ዘዴም ይዘረጋል። ኩባንያው ቢከስር ወይም መብቱን ለሌላ ቢያስተላልፍ ተረካቢው በውሉ ይታሰራል። ሦስት አንቀጾች ናቸው፤ ሦስቱም ጸሐፊው «የማይመለከቱን» ካሏቸው መካከል ናቸው።

የዩኒቨርሲቲ ምሳሌ ካስፈለገ እንዶድ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩ፣ ከዚያም ተነሥተው እንዶድ የብልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡ የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ዜብራ የተባለ ባለዛጎል እንስሳ ሲስፋፋ፣ እንዶድ እርሱንም እንደሚገድል በኦሃዮ በሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተጠና፤ ፓተንቱንም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያ ዩኒቨርሲቲ ያዘው። የተክሉ ዕውቀት ከአድዋ ሴቶች፣ የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ማረጋገጫ ከአዲስ አበባ ነበር። ዛሬ አንድ ባልደረባዬ በሻንጣው የደረቀ ፍሬ ይዞ ለጥናት ወደ ውጭ ቢሄድ፣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ከብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ እንዲኖረው ያዝዘዋል። ፈቃዱ ግን ከሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚደረገውን የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት አይተካም፤ ያ ስምምነት ከናሙናው የሚገኘው ውጤት የማን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚጻፍበት ወረቀት ነው።

ይህ ወደ አራተኛው ነጥብ ያደርሰናል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ካጸደቀ በኋላ እኛ ለምን እንመረምራለን? ኮሚቴው የሚጠይቀው ለተሳታፊው ነው፤ በቂ መረጃ አግኝቶ ፈቅዷልን? ጉዳት ይደርስበታልን? ምስጢሩ ይጠበቃልን? እኔ የምጠይቀው ለተቋሙ ነው። ከጥናቱ የተረፈው ደም ይወገድ፣ ይመለስ ወይስ እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ? ከተቀመጠስ በሌላ ጥናት ላይ ለመጠቀም ማንን ማስፈቀድ ያስፈልጋል? ተቀባዩ ለሦስተኛ ወገን ማሳለፍ ይችላልን? ኮሚቴው ያጸደቀው የስምምነት ቅጽ ለተሳታፊው «ናሙናዎ ለዚህ ጥናት ብቻ ይውላል» እያለ፣ ውሉ ግን «ለማናቸውም የምርምር ዓላማ» የሚልበት ጊዜ አለ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው ከሌለ ዩኒቨርሲቲው ለገበሬው አንድ፣ ለለጋሹ ሌላ ቃል ሰጥቷል ማለት ነው። አሁን ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ፣ የጤና መረጃን የመሰለ ጥብቅ መረጃ ወደ ውጭ አገር ማስተላለፍ የራሱ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። ድግግሞሽ የሚባለው አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ ነው።

ስለ ኦቨርሄድ ብዙ አልልም። ጸሐፊው ገንዘቡ የት እንደሚገባ አይታወቅም ሲሉ ትክክል ናቸው፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚያ ገንዘብ ለትምህርት ክፍሉ የሚመለስ ነገር አይታይም፤ ይህን ከእርሳቸው ጋር ሆኜ እጠይቃለሁ። መጠኑን በተመለከተ ግን የተበደለው ዩኒቨርሲቲው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ለዓመታት ለውጭ አገር ተቋማት ሲፈቅድ የኖረው 8 በመቶ ሲሆን፣ ገንዘቡን ወደ እኛ የሚያሳልፉት ታላላቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙዎቹ ለራሳቸው ከ50 በመቶ በላይ የተደራደሩ ናቸው። በሌሎች የአሜሪካ ፌዴራል ገንዘቦች ላይ የራሱ የተደራደረ ምጣኔ የሌለው ተቋም ሊጠይቀው የሚችለው 10 በመቶ ነበር፤ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህን ሳያውቁ በፕሮፖዛሉ ላይ ዜሮ ብለው የጻፉ ተመራማሪዎች አጋጥመውኛል፤ ዜሮ ያሉት ገንዘብ ለምርምሩ አልተጨመረም፤ ከናካቴው አልመጣም። መብራቱን፣ ጥበቃውንና የኢንተርኔቱን መስመር የከፈለው ግን ለተማሪዎች የተመደበው በጀት ነው።

የቀረው «ዋናው ተመራማሪ ራሱ ይፈርም» የሚለው ሐሳብ ነው። ሐሳቡ በመጀመሪያ እይታ ቀና ይመስላል፤ ሥራውን የሚሠራው እርሱ ነውና። ነገር ግን በሕግ ፊት ሰውነት ያለውና ተዋዋይ የሚሆነው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ የትምህርት ክፍል ወይም ፕሮጀክት አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1724 የመንግሥትን አስተዳደር የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ በቁጥር 1731 ደግሞ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ የጸና ነው ይላል። ሥልጣን ሳይኖረው የፈረመ መምህር ወይ ዩኒቨርሲቲውን አላሰረውም፣ ለጋሹም ይህን ሲያውቅ ገንዘቡን ይይዛል፤ ወይም ራሱን በግሉ አስሯል። የሁለተኛውን ክብደት የሚያስተውል ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ረቂቆች ጉዳት ቢደርስ ፈራሚው ያለ ጣሪያ ይክሳል የሚል አንቀጽ ይዘው ይመጣሉ። ያንን አንቀጽ ለዩኒቨርሲቲው ስል እንዲወጣ ወይም በገንዘብ ልክ እንዲወሰን እከራከራለሁ። የመምህር ደመወዝ ላለው ሰው ማን ይከራከርለታል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጸሐፊው እንደሚመክሩት ያደረጉ አንድ ጥሩ ተመራማሪ ነበሩ። ጊዜው ስለጠበባቸው ከአንድ የውጭ ድርጅት ጋር ራሳቸው ፈረሙ፤ የትምህርት ክፍሉን ማኅተም አስመቱ፤ ሥራውንም በሚገባ ሠሩ። ከዚያ ለድኅረ ዶክትሬት ወጡ። ከወጡ በስምንተኛው ወር ድርጅቱ የገዛቸውን መሣሪያዎች እንዲመለሱለትና የመጨረሻው የሒሳብ ሪፖርት እንዲላክለት ለፕሬዚዳንቱ ጻፈ፤ ደብዳቤውም ተመርቶ ወደ እኔ መጣ። በመዝገብ ቤት ፈለግሁ፤ የለም። በፋይናንስ ጠየቅሁ፤ ገንዘቡ ገብቷል፤ ውሉ ግን አልተያያዘም። ትምህርት ክፍሉ ማኅተሙን አስታወሰ፤ ቅጂ ግን አላስቀረም። በመጨረሻ ለራሳቸው ለተመራማሪው ጻፍሁላቸው፤ በትሕትና ይቅርታ ጠይቀው ከግል ኢሜይላቸው ላኩልኝ። ሰነዱ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነበር፤ የላኩልኝ ግን የተፈረመበትን የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አሥራ ስምንቱ በቀድሞ ኮምፒውተራቸው ላይ ቀርተው ነበር። መሣሪያዎቹ የማን እንደሆኑ ለማወቅ አሥራ ስምንቱን ገጽ ከራሱ ከጠያቂው ድርጅት በደብዳቤ ለመንን።